ተኝቷል

ታንዳዚሌ ደርባን አጠገብ፣ ኡምላዚ ክሊኒክ ውስጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሐኪሞችን ቃል ወደ ዙሉ ስትተረጉም ኖራለች። አንድ ቀን ግን ግማሹን ብቻ ተረጎመች።

ዜንዚሌ በታክሲ መናኸሪያው በቆሎ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ነበረች። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ከተገኘ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለጥናት ከብሽሽቷ አንዲት ዕጢ እንዲወስዱ ፈቀደች። ውጤቱ የመጣ ቀን ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። ቫይረሱ ከደሟ ጠፍቷል፤ ዕጢዋ ውስጥ ግን ተኝቷል። የሰውነት ወታደሮች ሌላ በሽታ ሲመጣባቸው የሚላላኩት መልእክት እሱንም ይቀሰቅሰዋል። ቢነሣም እንዳይራባ የሚይዘው በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ነው።

ታንዳዚሌ ለዚያ መልእክት የዙሉ ቃል አጣችለት። ወረፋው ደግሞ በሩን አልፏል።

«ተኝቷል» አለቻት ባጭሩ።

«እውነት ተኝቷል?»

«አዎ፣ ተኝቷል አልኩሽ።»

«ያ ሌባ! እኔን ሊቀብር መጥቶ ቀደምኩት በይኛ! ነይ እህቴ፣ ዛሬ በቆሎ በነፃ ነው።»

ታንዳዚሌ ቀልድ መሰላትና አብራት ሳቀች። በዙሉ ግን ለሞተም «ተኛ» ይባላል።

ለሞተ ጠላት ማን ጦር ይሰብቃል? ዜንዚሌ ክኒኑን ተወች። በዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ያዛት፤ ወታደሮቹ ተጣሩ፤ የተኛውም ሰማ።

«ምነው ተውሽው?» አለቻት ታንዳዚሌ፣ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብላ።

«አንቺው አይደለሽ ተኝቷል ያልሽኝ?» አለች ዜንዚሌ። ቂም አልነበረባትም።

ታንዳዚሌ ያጣችው ቃል የመጣላት ያን ጊዜ ነው፦ ጥሪ። ከኮረብታ ኮረብታ እንደሚጣሩት። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ዜንዚሌ ሞተች፤ ቅዳሜ ተቀበረች። ዜንዚሌ ማለት «በራሷ ላይ አመጣች» ማለት ነው፤ አባቷ ከእናቷ ጋር ተኳርፎ ያወጣላት ስም። ለቀስተኞቹ ሴቶች ተንሾካሾኩ።

«ክኒኑን ራሷ ጣለችው አሉ።»

«ስሟ ነዋ! በራሱ ላይ ላመጣ ደግሞ አይለቀስለትም ይላል ተረቱ።»

እናትየዋ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጠው ይሰማሉ። ዓይናቸው ደርቋል።

ታንዳዚሌ ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። «እማማ፣ በራሷ ላይ አላመጣችም። እኔ ነኝ። ተኝቷል አልኳት፤ የሚቀሰቅሰው እንዳለ አልነገርኳትም።»

እናትየዋ አተኩረው አዩዋት። እጃቸውን ከእጇ ቀስ ብለው አወጡ።

«እንግዲያ ይለቀስላታል?»

«ይለቀስላታል፣ እማማ።»

ያን ጊዜ ጮኹ። የማዶው ኮረብታ ሰማ።