የማትቃጠለው መብራት

ያን ቀን ጠዋት ወንድሜ ጫማውን እያሰረ የጠየቀኝ ስለ ግራውንድ ነበር።

«አስገብተኸዋል?»

«ምኑን?»

«ግራውንዱን ነዋ! ትናንት እኮ እሱን ረስተህ ነው ላፕቶፑን ስትሰድበው ያመሸኸው።»

እውነቱን ነው። ላፕቶፑ ላይ የኤሌክትሪክ ሰርኪት የሚሞከርበት ፕሮግራም ጭኖልኛል። ባትሪውን፣ ሽቦውን፣ መብራቱን በሥዕል ትደረድራለህ፤ ከዚያ ማስነሻውን ስትጫን ልክ እንደ እውነተኛው ይሠራል። ግን ግራውንድ የሚባለውን ምልክት አንድ ቦታ ካላስቀመጥክ እምቢ ይላል፣ ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። «ዜሮው የት እንደሆነ ካልነገርከው ሌላውን ከየት ተነስቶ ይለካ?» ብሎ አስረድቶኛል። ይገባኛል። በማግስቱ ግን እረሳዋለሁ።

ወንድሜ ባምቢስ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ነበር የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ ቤት እንዳይጨልም የሚያደርጉ ባትሪዎችና ኢንቨርተሮች ይሸጣሉ፣ እየሄዱም ይገጥማሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሥራውን አስተምረኝ እያልኩ ስጨቀጭቀው አንድ ደንብ አወጣ። ፕሮግራሙ ላይ ያልሠራ ነገር በእጅ አይነካም። እውነተኞቹን ዕቃዎች በፌስታል አድርጎ አጥብቆ ቋጠረና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጣቸው።

«ፌስታሉን የምፈታው እኔ ነኝ» አለኝ። «አንተ ብቻ ሠርተህ አሳየኝ። የዚያን ዕለት መበየጃውን አስይዝሃለሁ። ከዚያ በቃ፣ ሱቅ አብረን ነው የምንሄደው።»

የሰጠኝ ሥራ ለእናታችን የሚሆን ነበር። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ቂርቆስ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው፣ መንገዱ ጨለማ ነው፣ እናቴን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። አንዴ ቁልፉን ተጭና የምትለቀው፣ እሷ ደርሳ እስክትመለስ በርታ የምትቆይ፣ ከዚያ ራሷ የምትጠፋ መብራት። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ይሞላል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ቀስ እያለ ይጎድላል። እሱ እስኪጎድል ድረስ ትራንዚስተሩ መብራቷን ይዞ ያቆያታል። እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። ማለቴ፣ እሱ እንዲህ ነው ያስረዳኝ።

ስለ ፕሮግራሙ አንድ ነገር አስጠንቅቆኝ ነበር። ትንሿን መብራት፣ ኤል ኢ ዲዋን፣ ኃይሉን የሚቀንስላት ሬዚስተር ሳይኖር ከባትሪ ጋር ካገናኘሃት ትቃጠላለች። ፕሮግራሙ ላይ ግን አትቃጠልም። ምንም እንዳልሆነ ቀይ ሆና በርታ ትቀመጣለች።

«ይሉኝታ ያጠቃዋል» አለኝ እየሳቀ። «እንዳይከፋህ ብሎ እኮ ነው። ምን ያህል ኃይል እንደሚያልፍባት ጎኗ ላይ የሚጽፈውን ቁጥር እይ። ቁጥሩን ካላየህ ደህና ናት ብለህ ትተኛለህ።»

ያን ጠዋት ሥራው አዳማ ነበር። «ማታ እመጣለሁ» አለ። በሩ ላይ ሆኖ ደግሞ «ግራውንድ!» ብሎ ጮኸና ሄደ። እናቴ «ምንድነው የሚለው?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

ከምሳ በኋላ ሠራልኝ። ቁልፉን ተጭኜ ለቀቅኩት፣ መብራቷ ቆየች። ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ እየደበዘዘች ጠፋች። ደጋግሜ ሞከርኩት። ቁጥሩንም አየሁ፣ ደህና ነበር። ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት። «ጨርሻለሁ። ፌስታሉን ፍታ» ብዬ ጻፍኩ። አላየውም። ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ባትሪ ጨርሶ ይሆናል አልኩ። የባትሪ ሠራተኛ ሆኖ የሱ ስልክ ሁሌ ባትሪ አይኖረውም፤ እናቴ በዚህ ነው የምትስቅበት።

አመሻሹ ላይ እንግዳ መጣ። መጀመሪያ የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችን የነበሩ ሴቶች መጡ። ቤቱ ሲፈርስ አንዷ የካ አባዶ፣ ሌላዋ ጀሞ ነው የደረሳት፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ እንጂ በአካል ተያይተው አያውቁም። ሙዝ ይዘው መጡ። «ናፍቀሽን ነው» አሏት። እናቴ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ቀጥሎ ለገሃር የሚኖረው አጎቴ መጣ። ከሱ ጋር አብሮት የወንድሜ ጓደኛ ነበር፤ ሱቅ አብረው የሚሠሩት።

ይሄ ጓደኛው ሁሌ ነው የሚቀልድብኝ። እኔም አልለቀውም።

«ወንድሜስ?» አልኩት።

«ሥራው አላለቀም። እዚያው ያድራል።»

«ስልኩ ዝግ ነው።»

«ባትሪ… ታውቀው የለ።»

እጁን ይዤ ላፕቶፑ ጋ ወሰድኩት። «ፕሮፌሰር» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ግን ቀስ ብሎ። ቁልፉን ራሱ እንዲጫነው ማውሱን ሰጠሁት። ቁልፉን ሁለቴ ሳተው።

«ማኪያቶ ቀንስ አቦ!» አልኩት።

ሳቀ። መብራቷ በራች። ሁለታችንም እስክትጠፋ ድረስ ቆመን አየናት።

«እንዴት ነው? እሱ ጋ ያልፋል?»

«ያልፋል። ምን ይወጣለታል!»

«ነገ ያየዋል አይደል?»

ስክሪኑን እንጂ እኔን አላየኝም። «አዎ» አለ። «ነገ ያየዋል።»

እናቴ ከሴቶቹ ጋር የድሮውን ግቢ እያነሳች ትስቅ ነበር። የውሃ ወረፋውን፣ አጥር ዘሎ የሚገባውን የሰው ዶሮ። እነሱም አብረው ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ አሁንም አላውቅም። ሲወጡ አቅፈዋት ቶሎ አልለቋትም። አጎቴ ግን አልሄደም። «ታክሲ የለም፣ እዚሁ ልደር» አለ። አጎቴ እኛ ጋ አድሮ አያውቅም። ቦታ ለቀቅኩለትና ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ገና ሳይነጋ ግቢው ውስጥ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። አጎቴ ልብሱን ለብሶ ቆሟል። በሩን የከፈተው እሱ ነው። እነዚያው ሴቶች ገቡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ብዙ ሰው አለ። እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። አጎቴ ትከሻዋን ያዛት።

«ትናንት መኪናው መንገድ ላይ ተገልብጦ…» አለ። «ልጃችን የለም።»

የእናቴን ጩኸት አልጽፈውም።

ሲነጋ ወንዶቹ ድንኳን ይተክሉ ጀመር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። የወንድሜ ጓደኛ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ከጃኬቱ ኪስ ስልክ አወጣ። የወንድሜ ስልክ ነው። ጥጉ የተሰነጠቀው።

«ያንተ ነው» አለኝ።

«መቼ ነው የወሰድከው?»

«ትናንት ረፋዱ ላይ ተደውሎልኝ አዳማ ሄጄ… ሆስፒታሉ ነው የሰጠኝ።»

«ማን ነው የዘጋው?»

ስልኩን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ «እኔ» አለ። «ትደውላለህ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ማታ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«መብራቷን ሳሳይህ?»

«እናትህ በማታ እንዳትሰማ ብለን እኮ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከምታለቅስ… ወጉን ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው። ሰው በማታ አይረዳም፤ አንድ ሌሊት እንኳን ይረፍ ይባላል። ሌላ ሰው ቤት ሲሆን ደግነት ይመስለኝ ነበር፣ ምናልባትም ነው። ግን እኔ ያን ማታ ደስተኛ ነበርኩ። ቤቱ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ፣ ከእናቴና ከእኔ በቀር፣ ወንድሜ እንደሞተ የማያውቅ አልነበረም። እነሱ እያወቁ እኔ ቀለድኩ። እነሱ እያወቁ እናቴ ሙዝ ላጠችላቸው። ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ነበር። ከጀሞ የመጣችው ሴትዮ፣ ያደረው አጎቴ፣ ቁልፉን የሳተው እጅ። ቁጥሩ ጎኗ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ መብራቷን ነበር የማየው።

«ነገ ያየዋል አልከኝ» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበልህ?»

ሌላ ማንም ቢሆን ይህን ያህል ባልከፋኝ ነበር። እሱ ግን ከእናቴ ቀጥሎ የወንድሜ ሰው ነበር። ቢያንስ ዝም ማለት ይችል ነበር።

ስልኩን አበራሁት። የላክሁት ፎቶ መጣ። ስከፍተው፣ በራሴ ስልክ ላይ መልእክቴ የተነበበ ሆነ። ለማያውቅ ሰው ወንድሜ ያየው ይመስላል።

ተነስቼ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ፌስታሉን አወረድኩ። ቋጠሮው እምቢ አለኝ። እሱ ሲቋጥር እንዲህ ነው። በጥርሴ ቀደድኩት። ባትሪውን አወጣሁ፣ አንዷን ኤል ኢ ዲ አወጣሁ። ሁለቱን እግሮቿን ባትሪው ላይ ጠበቅ አድርጌ አስነካኋቸው። ከሚገባት በላይ በራች፣ ጣ አለች፣ ጠፋች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን።

«ሬዚስተር አላደረክበትም እኮ» አለ ጓደኛው፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

የተቃጠለችውን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ገና ትሞቅ ነበር። ከዚያ ጫማዬን አደረግሁና ወጥቼ ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጥኩ። ጓደኛው ሲገባ ጎኔ ባዶ ወንበር ነበር። ጃኬቴን አስቀመጥኩበት።