ሞምባሳ ላይ ውሃው የመጣ ቀን

ልጅ ሳለሁ ባሕርን የማውቀው የትምህርት ክፍላችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሥዕል ነበር። የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ነው። አባቴ እዚያው አጠገብ ሁርሊንግሃም የሚባል ሰፈር ትንሽ የሀበሻ ምግብ ቤት ነበረው፤ ማታ ሲገባ ልብሱ ቅቤና በርበሬ ይሸታል። የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አንድ የትንሣኤ ሰሞን ምግብ ቤቱን ዘጋና ሞምባሳ ወሰደን።

አሮጌው ከተማ ደሴት ላይ ነው። በእግር ያስጎበኙን ባባ ሳሊም የሚባሉ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የጨውና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ አለው። ከመቶ ዓመት በፊት በነበረችው የእንግሊዝ ንግሥት ዘመን የተሠሩትን ቤቶችና የእንጨት ሰገነቶች እያሳዩን ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ታናሽ እህቴን ያዘለችው እናቴ ሙቀቱ አደከማት። ከመንገዱ ዳር ወደ ባሕር በሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ውሃው ርቆ ሸሽቷል፤ ደረቅ አሸዋና አንድ ትልቅ ቋጥኝ ይታያል። ጥላው ሥር አረፍ ልበል አለች፤ ወዲያው ደግሞ ውሃው ቢመጣስ ብላ ፈራች።

አባቴ ያደገው ወንዝ ዳር ነው። ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ሳቀባት።

"አንቺ ደግሞ፣ ደመና እንኳ ሳይኖር ምን ውሃ ይመጣል?"

እኔም አብሬው ሳቅሁ። በእኛ ቤት ውሃ የሚሞላው ሲዘንብ ነው፤ ሌላ አሞላል አናውቅም።

እሷ እህቴን እንዳዘለች ወደ ቋጥኙ ወረደች፤ እኛ ቀጠልን። ጉብኝቱ ረዘመ። አባቴ አንድ የተቀረጸ በር እየዳሰሰ፣ ለምግብ ቤቱ እንዲህ ያለ እንደሚያሠራ ሲነግረኝ ባባ ሳሊም ዞር ብለው ሚስትህ የት ቀረች አሉት። ታች ቋጥኙ ጋ ናት ሲላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"ወንድሜ፣ ባሕር ዝናብ አይጠብቅም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይመለሳል" አሉና በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ።

ስንደርስ አሸዋው የለም። የደረጃው ግማሽ የለም። እናቴ ቋጥኙ ጫፍ ላይ ቆማ እህቴን ወደ ላይ ይዛታለች። ወደ እኛ ታያለች። ዋና የማይችለው አባቴ ከነጫማው ገባ፤ ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ባባ ሳሊም የጠሯቸው ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ደርሰው ሁለቱንም አወጧቸው።

እኔን ክው ያደረገኝ ግን ውሃው አልነበረም፤ የአባቴ ፊት ነበር። ገበያ መሐል የጠፋ ሕፃን ይመስል ነበር። እናቴ ነጠላዋን ደጋግማ ትጨምቅ ነበር። በኋላ እሱ ነገሩን ለደንበኞቹ እንደ ቀልድ ያወራው ጀመር፤ እሷ ግን ወሬው ሲነሳ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

አሁን እኔም የልጆች እናት ነኝ። ትምህርቴን ብዙ አልገፋሁም፤ የማላውቀው ብዙ ነው። ልጆቼ ግን፣ ያኔ እኔ አባቴን አየው እንደነበረው ያዩኛል። ሰው የታጨቀበት፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ስንሳፈር "እማዬ፣ ምንም አንሆንም አይደል?" ይሉኛል። ምንም አትሆኑም እላቸዋለሁ፤ በድምፄ ውስጥ ግን ደመና የለም ብሎ የሳቀውን አባቴን እሰማዋለሁ፤ ያን ጊዜ እንደዚያ ቀን ክው እላለሁ።