ሞቱን ያልሰማው ኮክ

ልጅ ሳለሁ፣ ከአምበር ወጣ ብሎ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ ነጭ ለብሶ የሚቆም አንድ ነገር እፈራ ነበር። ሰው አልነበረም፤ የታናሽ ወንድሜ የማስረሻ ኮክ ነበር።

የአባቴ አጎት አያ ይሁኔ ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር። በቤታችን ልጅ ክርስትና በተነሣ ቁጥር አንድ የኮክ ችግኝ ይተክሉ ነበር። የእኔው አድጎ አፍርቷል። ከእኔ በኋላ የተወለዱት ሁለቱ ወንድሞቼ ግን በየተራ ሞቱ፤ ችግኞቻቸውም በዚያው ሰሞን ደረቁ። አያ ይሁኔ «ፍየል በልቷቸው ነው» ቢሉም የሰፈሩ ሴቶች ሌላ ያወሩ ነበር፤ እኔም ያመንኩት ሴቶቹን ነው። ስለዚህ ማስረሻ ተወልዶ ችግኙ ሲተከል፣ እናቴ ልጁን ስትጠብቅ እኔ ዛፉን መጠበቅ ያዝኩ።

ማስረሻ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ በበጋው መግቢያ፣ አያ ይሁኔ አሮጌ ጋቢያቸውን ቀደው የኮኩን ግንድ ከሥሩ እስከ ቅርንጫፎቹ ጠቀለሉት። የበጋ ፀሐይ የለጋ ዛፍ ቅርፊት ይሰነጥቃል፤ ሲመሽ ደግሞ ቅርፊት የምትግጥ ጥንቸል አለች። «ነጩ ፀሐዩን ይመልሳል፣ ጨርቁ የጥንቸሏን ጥርስ ይይዛል» አሉኝ። እኔ ግን ወንድሞቼ ሲገነዙ በበር ቀዳዳ አይቼ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያ ነጭ ነገር በማስረሻ ቁመት ቆሞ፣ የጨርቁ ጫፍ በነፋስ እየተነሣ ሲጠራኝ፣ ወደ ቤት እሮጥ ነበር።

አያ ይሁኔ ለልቅሶ ደጀን በሄዱ ማግስት ፈታሁት። ወንድሜን ከመግነዝ ያወጣሁት መስሎኝ ነበር። ጨርቁንም ከጎተራው ሥር ደበቅሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ኮኩ አብቧል፤ በዚያች ሚጢጢ ዛፍ ላይ ያን ያህል አበባ አይቼ አላውቅም። እሳቸው አበባውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ተንበርክከው ጣታቸውን በግንዱ ዙሪያ አዞሩ። በምዕራብ በኩል ቅርፊቱ ተሰንጥቋል፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ደግሞ ጥንቸል ቅርፊቱን ዙሪያውን ግጣው እንጨቱ እንደ አጥንት ነጥቷል።

«ይኸ ሙቷል» አሉ ቀስ ብለው። «ገና አልሰማም እንጅ።»

ጨርቁ የት እንደገባ አልጠየቁኝም። ምሽቱን ግን ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ኩራዙ ጭሱን ወደ ጣራው ሲልክ፣ ተረት ጀመሩ። ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ አንድ ገበሬ ነበር፤ እያረሰ ሳለ ሞተ፤ የነገረው ሰው ስላልነበረ ማረሱን ቀጠለ። በሬዎቹ አወቁ፤ ከእጁ ድርቆሽ መቀበል ተዉ። ሚስቱም አወቀች፤ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ሲሞቅ ቢያመሽ እጁ አይሞቅም። ልጆቿን ሰብስባ «ዝም በሉ» አለች። እንዲሁ እንዳለ ዘራ፣ አረመ፣ አጨደ፤ እህሉ የዚያን ዓመት ያህል ሰምሮ አያውቅም። አንድ ቀን በማሳው ዳር የሚያልፍ መንገደኛ ቆም ብሎ አየውና «አንቱ ሰውዬ፣ ሞተው የለም እንዴ!» አለው። ገበሬው በሬዎቹን አቆመ፣ እጁን ገልብጦ አየ፣ ከዚያ ፈሩ ውስጥ ጋደም አለ።

«የገደለው ሞት አይደለም» አሉ አያ ይሁኔ እኔን እያዩ፤ «የነገረው ነው።»

ከዚያ ወዲያ በኮኩ አጠገብ ትንፍሽ አላልኩም። አበባው ረግፎ ፍሬ ያዘ፤ ፍሬው ሽንብራ አከለ። ማስረሻ ገላውን ሲታጠብ አንገቱን ዙሪያውን እያየሁ እንደ ግንዱ ያለ ነጭ ቀለበት እፈልግ ነበር። መጋቢት ላይ እናቴ ጎንበስ ስትል ግንዱን አየች። «ውይ በሞትኩት! ይኸማ ሙቷል!» ብላ ጮኸች። አፏን ልይዝ ሮጬ ነበር፤ አልደረስኩም። በሳምንቱ ቅጠሉ ሁሉ ተጠቀለለ።

በዚያው ሳምንት ማስረሻን ትኩሳት ጣለው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የሚገባውን ሁሉ አፍ አፉን አይ ነበር። አንዲት አሮጊት አልጋው ላይ ጎንበስ ብለው «ይኸ ልጅማ…» ሲሉ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። ተቆንጥጬ ወጣሁ፤ ነገር ግን አሮጊቷ ቃላቸውን አልጨረሱም። በሦስተኛው ቀን ማስረሻ ተነሥቶ ውኃ ጠየቀ። ሁሉም እልል ሲል እኔ ያ ገበሬ ትዝ ብሎኝ ፈራሁ።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። አያ ይሁኔ ካረፉ ቆይተዋል። ማስረሻ ደጀን ላይ የመኪና ጎማ ይጠግናል፤ ሚስት አግብቷል፣ ወልዷል፣ ሥራው የሰመረ ነው። ሲጨብጠኝ እጁ ይቀዘቅዛል፤ ከብረት ጋር ስለሚውል ነው እላለሁ። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ይህን የምጽፈውም እሱ ማንበብ እንደማይወድ አውቄ ነው።

ባለፈው ኅዳር ሊጠይቀኝ መጥቶ የጓሮዬን ለጋ ኮክ አብረን በነጭ ጨርቅ ስንጠቀልል፣ ጎንበስ ሲል አንገቱን አየሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

«እታለም» አለኝ ጨርቁን እያቀበለኝ፣ «የእኔው ኮክ ግን ያኔ ምን ሆኖ ነው የደረቀው?»

ጫፉን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት።

«የትኛው ኮክ?» አልኩት።