ማዘያ በትንፋሹ የሚመርጠው አባት

በቡልጋሪያዋ ተራራማ ከተማ በስሞልያን ገበያ የሕፃን ማዘያ የሚሸጡት እማማ ሩሚያና ብዙ አዲስ አባት አይተዋል፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ሰውየው ትከሻው በር ይሞላል። አራስ ልጁን በግራ ክንዱ እንደታቀፈ፣ ስለ ቀለሙም ሆነ ስለ ዋጋው ሳይጠይቅ፣ እያንዳንዱን ማዘያ እያነሣ በገዛ አፍና አፍንጫው ላይ ይጭንና ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ይመልሰዋል።

«የኔ ልጅ፣ እኔ የምሸጠው ጨርቅ ነው፤ ወንፊት ከፈለግህ እዚያ ማዶ አለልህ!» አሉት።

አልሳቀም። በመጨረሻ አንድ ስስ የበፍታ ማዘያ መረጠ። እማማ ሩሚያና ሕፃኑን ደረቱ ላይ ከፍ አድርገው አሰሩለትና የሕፃኑን አገጭ ቀና አደረጉ።

«ጎንበስ ብለህ አናቱን መሳም ከቻልህ፣ አስተሳሰሩ ልክ ነው። በል አሁን ሂድ፤ እናቱ ትጠብቅሃለች።»

እሱ ግን ጆሮውን ወደ ልጁ አዘንብሎ ቆሞ ቀረ።

«ምነው፣ ምን ያስፈራሃል?»

«ልጅ ሆኜ የበረዶ ናዳ ቀብሮኝ ነበር፣ እማማ» አለ ቀስ ብሎ። «ብርዱን ረስቼዋለሁ። አባቴ ከላይ ሆኖ ስሜን ሲጠራ እሰማው ነበር፤ እሱ ግን ከበረዶው ሥር ስጮህ አልሰማኝም።»