«ፈልጉ» ላለማለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ አባቷ በመጨረሻ ለሠራበት የውጭ ድርጅት በኢሜይል ደብዳቤ ጻፈችልኝ። የአባቷን የሞት የምስክር ወረቀት መላክ ነበረብን። «ፕሊዝ ፋይንድ አታችድ»፣ ማለትም «ተያይዞ ያገኙታል» ብላ ጀመረች፣ ወረቀቱን አያያዘች፣ ላከችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

ልነግራት ጀምሬ አልዘለቅኩትም። መጻፍ ይሻለኛል።

በወጣትነቴ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የእርዳታ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ኃላፊያችን ከመሃል አገር የመጣ፣ በቀትር ፀሐይ እንኳ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ለራሴ ስጽፍ አንቱታው እጄ ላይ አልመጣም።

ጊዜው ጅላል ነበር፤ ሶማሌዎች ረጅሙን ደረቅ ወራት እንዲህ ነው የሚሉት። ነፋሱ አቧራውን በበር ስር ያስገባል፣ የግመል ወተት ሻይ ሳይቀር አሸዋ አሸዋ ይላል። በኋላ ያገባሁት ሰው የመስክ ሠራተኛችን ነበር። ሀርሺን ደርሶ፣ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙባቸው ጉድጓዶች የደረቁባቸውን መንደሮች ስም በእርሳስ ጽፎ መጣ። አሥራ አንድ ነበሩ። የአዲስ አበባው ዋና ቢሯችን ዝርዝሩ ሐሙስ እስከ ቀትር ከደረሰው የውሃ ቦቴዎቹን ወደ ሀርሺን ይልካል፤ ካልደረሰው ወደ ሌላ አካባቢ፣ ወደ ኤረር።

ከእነዚያ መንደሮች ከአንዱ የመጣች ሀሊማ የምትባል ሴት በየማለዳው ግቢያችን ውስጥ ትቀመጥ ነበር። ከከብቶቿ የቀሩላት ሁለት ላሞች ናቸው።

«እህቴ፣ ውሃ ተጻፈ?» ትለኛለች።

«እየተጻፈ ነው።»

«ውሃ ለመጻፍ ስንት ቀን ነው?»

ዝርዝሩ ረቡዕ ጠዋት ተይቦ አልቋል። የቀረው አንድ መስመር የኢሜይል መሸኛ ነበር፤ እኔም «ፕሊዝ ፋይንድ አታችድ» ብዬ አቀረብኩ። ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ።

«ፋይንድ ማለት ምንድን ነው?»

«ማግኘት።»

«ለማግኘትስ ምን ያስፈልጋል? መፈለግ። አለቆቼን ፈልጉ ልበላቸው? ምን ጠፍቶባቸው?»

«ጋሼ፣ የጠፋው ውሃው ነው» አለ የእኔ ሰው ከበሩ ላይ።

«አንተ የመስክ ሠራተኛ ነህ። እንግሊዝኛው አይመለከትህም።»

«ኢንክሎዝድ» ብዬ ጻፍኩ። ይሄ ቃል ፖስታ ውስጥ ለሚገባ ነው፣ ፖስታው የታለ አለኝ። «አታችድ» ብቻ ስለው ደረቅ ነው አለ። «በአማርኛ አባሪ አድርገን የላክን መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን እንል የለም? እዚህ ላይ አክብሮቱ የታለ?» ረቡዕ በዚህ መሸ። ሐሙስ ረፋድ ላይ የራሱን ይዞ መጣ፦ «ዊ ሃቭ ዘ ኦነር ቱ አታች ሄርዊዝ ዘ አታችድ አታችመንት»፤ የተያያዘውን አባሪ ከዚህ ጋር ለማያያዝ ክብር ይሰማናል እንደ ማለት ነው። እየደጋገመ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሙሽራ እንደሚያይ ሰው ፊቱ ሁሉ ፈካ።

ኢሜይሉ የሚሄድበት የስልክ መስመር ተቆርጦ ቆይቶ ለቀትር ጥቂት ሲቀረው ገባ። ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ አስነበበኝ፤ አንድ ፊደል አስለወጠኝ፤ «ላኪው» አለኝ። ላክኩት። አክብሮቱ በሙሉ ሄደ። ዝርዝሩን ግን አላያያዝኩትም።

ቅዳሜ መልስ መጣ። ዝርዝር አላገኘንም፣ ቦቴዎቹ ወደ ኤረር ሄደዋል ይላል። ኃላፊው አነበበና ወደ እኛ ዞረ።

«አያችሁ? አላገኘንም ይላሉ። እኔ መች ፈልጉ አልኩ?»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ንቀት እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው ተሰምቶኝ አያውቅም። ብዙ ክፉ ሰው አይቻለሁ፤ ክፉ ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል።

ለሀሊማ የሚነግራት ሰው ጠፋ። በመጨረሻ የእኔ ሰው ወጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ሲመለስ ምን እንዳላት ጠየቅኩት።

«አታችመንትን በሶማሊኛ ምን ብዬ ልበላት? ደብዳቤው ሄዷል፣ ስማችሁ ግን እዚህ ቀርቷል አልኳት።»

«እሷስ?»

«ስማችን ይከብዳል ወይ አለችኝ።»

ሀሊማ ነጠላ ጫማዋን አራግፋ ከግቢው ወጣች። ሌላ ውሃ እስኪላክ ላሞቿ ሁለቱም እንዳለቁ ከዚያው የመጡ ሰዎች ነገሩን።

ኃላፊው ብዙ ሳይቆይ የሥራ ዕድገት አገኘ። የደብዳቤ አጻጻፍ ሥልጠና ይሰጣል ሲባል ሰማሁ፤ አልገረመኝም። እኔና ባለቤቴ በትዳር በኖርንባቸው ዓመታት ሰውየውን ስንቱን ጊዜ አምተን ስቀንበታል። ድምፁን እኔ አስመስላለሁ፣ ባለቤቴ ይስቃል። ዝርዝሩን ማያያዝ የእኔ ሥራ እንደነበር፣ የላከውም ጣት የእኔ እንደነበር ግን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ረስቶት አይደለም፤ ያን ዝርዝር ፀሐይ ላይ እየዞረ የጻፈው እሱ ነው።

አሁን ስለ እኔ ዝም የሚልልኝ ሰው የለም። ስለዚህ ያንን ኃላፊ ብቻዬን ስንቀው እንደ ድሮው አይቀለኝም። ንቀቱ ግን አልቀነሰም፤ ከእሱ የራሴን ድርሻ ወሰድኩ እንጂ።