ለታንኳ ቀዛፊው የተተከለ ድንኳን

ጥፋቱ የሒክማ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ! ሒክማ እኔ ነኝ፤ ሐይቅ ከተማ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ባልዲና ጀሪካን የምሸጠው፣ ድምፄ ከፊቴ ቀድሞ የሚደርሰው። እስቲ እናንተው ፍረዱ። ጥቁር የለበሰ እንግዳ ከሚኒባስ እየወረደ ተራ በተራ ጎረቤታችሁ ቤት ሲገባ ብታዩ ምን ትላላችሁ? ሰርግ ነው ትላላችሁ?

ጎረቤቴ ኑርሀያት ትባላለች። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቃችን አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ እሷ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ የኔ ባልዲዎች ይንቀጠቀጣሉ። ለመውሊድ ጀለቢያ፣ ለግሸን ተጓዥ ነጠላ፣ ለተማሪ ዩኒፎርም፣ የመጣላትን ሁሉ ትሰፋለች። እጇ ወርቅ ነው። ባሏ ኡበይድ ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ባሕር በላው፤ ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ከአማቷ ከእማማ አሪፋ ጋር ነው። ግን ፊቷን አጥቁራ አትውልም፤ ቀልደኛ ናት፣ ሳቅ ትወዳለች። አንድ አመል ብቻ አላት። ልብ ወለድ ታነባለች።

ደህና ልብ ወለድ ቢሆን ምን ቸገረኝ። «የዝናብ ጠባቂዎች» የሚባል፣ በየቅጹ የሚወጣ፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ነው። ዝናቡን ሁሉ በማሰሮ ዘግቶ የያዘ ንጉሥ አለበት። ክንፍ ያላት በቅሎ አለችበት። ምክር የሚሰጥ ጅብ አለበት።

«ኧረ በአላህ ኑርሀያት፣ ጅብ ይናገራል?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺ ቀኑን ሙሉ ስትናገሪ ማን ገረመው?» አለችኝ፣ መርፌውን ከአፏ ሳታወጣ።

ይህን መጽሐፍ የሚወዱ ሰዎች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አላቸው። አድሚኗ ኑርሀያት ናት። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ሳይቀር ይገቡበታል። ሥራቸው ክርክር ነው። በቅሎዋ የማን ናት? የንጉሡ አባት ማነው? ክርክሩ በድምፅ ስለሚላክ እኔም ሳልወድ በግድግዳው እሰማለሁ። አንድ የከረረ ሕግ አላቸው፤ ቀድሞ ያነበበ ሰው ላላነበበው መጨረሻውን ከነገረ ለሳምንት ይባረራል። ኑርሀያት ከሁሉም ጋር ትከራከራለች፣ ከሠርክአዲስ ጋር ግን ትጣላለች። ሠርክአዲስ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለ የቅኔ ተማሪ ነው። የገበያ ቀን የተቀደደ ጋቢውን ይዞ ይመጣና በስልክ የጀመሩትን ጸብ በአካል ይጨርሱታል።

«እትዬ ኑርሀያት፣ ጅቡ ከሃዲ ነው!»

«አፍህን ታጠብ! ጋቢህን አልሰፋልህም!»

ሰፍታ ነው የምትሸኘው።

በአንድ ነገር ግን ተጣልተው አያውቁም፤ ሁሉም ጉማዬን ይወዳሉ። ጉማዬ በመጽሐፉ ውስጥ ታንኳ ቀዛፊ ነው። ከንጉሡ የሸሸውን ሁሉ ጥቁሩን ሐይቅ ያሻግራል። ስምህ ማነው አይልም፣ ከየት ነህ አይልም፤ ተቀመጥ፣ ታንኳውን አታወዛውዝ፣ ይኸው ነው። አገሩ አይታወቅም፣ ዘመድ የለውም። የሐይቅን ሰው እንዲህ ያለ ሰው ይጥመዋል መሰለኝ።

ስድስተኛው ቅጽ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመጣ እኔ ዕቃ ላመጣ ኮምቦልቻ ሄጄ ነበር። በዚያው ሳምንት ጉማዬ ሞተ። ታንኳው ሞላ፤ አንዲት እናት ከነልጆቿ ዳር ቀረች። ቦታውን ለቀቀላት፣ እሱ በገመድ ተንጠልጥሎ እየዋኘ ሊከተል። መሃል ላይ ገመዱ ተበጠሰ። መጽሐፉ እዚያ ላይ አለቀ።

ግሩፑ በልቅሶ ታመሰ። ሁሉም አንብበው እንደጨረሱ ኑርሀያት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሰውዬው የሚያለቅስለት ዘመድ የለውም። ቅዳሜ እኔ ቤት እንቀመጥለት። ዱዓ የለም፣ ጸሎት የለም፤ በጸሎት አይቀለድም። ንፍሮ እየበላን ስለሱ እናወራለን።» ግማሹ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ግማሹ ጥቁር ለብሶ ሚኒባስ ተሳፈረ።

እኔ ባልዲዎቼን ተሸክሜ የደረስኩት እንግዲህ ያን ቅዳሜ ነው። እንግዳው ይጎርፋል። የኑርሀያት ምንጣፍ ተነጥፏል። እኛ አገር ለቅሶ ቤት ደርሶ «ማን ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ የለም። ገብተህ ታለቅሳለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ነገሩን ቀስ ብለህ ከጎንህ ካለው ትሰማለህ። እኔም ባልዲዬን ጥዬ «ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ገባሁና ደረቴን መታሁ። ማን እንደሞተ ሳላውቅ አለቀስኩ፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ኑርሀያት እኔን ስታይ ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚህ መሃል ሕይወት የምትባል ከውጫሌ የመጣች ልጅ በአምባሰል ዜማ ሙሾ አወረደች፦

ስንቱን አሻግሮ ስንቱን ያደረሰ፣
ለሱ ማን ደረሰ፣ ማንስ አለቀሰ?

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይሰማል? መንገደኛው ቆሞ አለቀሰ። እኔ ወጥቼ ለባሌ ለአብዱልመናን ነገርኩት። ባሌ የቂሬያችን ለፋፊ ነው፤ ቂሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ለማሰብ ቸኩሎ አያውቅም፣ ለመጥራት ግን ይፈጥናል። ማይኩን አንስቶ «የቂሬ ሰው ስማ! ኑርሀያት ቤት ሐዘን ገብቷል!» እያለ ሰፈሩን ዞረ። እስላሙም ክርስቲያኑም ነቅሎ መጣ። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ተደረደረ፣ ትልቁ ብረት ድስት ተጣደ።

ኑርሀያት ምንጣፉ ላይ ድርቅ ብላ ቀረች። ለአንዱ «አይደለም» ልትል ስትል ሌላው አንገቷን አቅፎ ያለቅሳል። እንግዶቹማ የሐይቅ ሰው ጉማዬን ይህን ያህል ይወዳል ብለው ተደንቀው፣ ለቅሶውን ጨመሩበት!

በመጨረሻ የቂሬው ዳኛ ሼህ ዘይኑልአቢዲን መጡ። ቀጥ ያሉ፣ ቆፍጣና ሰው ናቸው። ትንሽ ተቀምጠው ወደ ሠርክአዲስ ጠጋ አሉና «ቀብሩ የት ነው?» አሉት በቀስታ።

ሠርክአዲስ ጨነቀው። «አስከሬኑ አልተገኘም፣ አባቴ። ሐይቁ ውስጥ ነው።»

«ሐይቁ ውስጥ!» ሼሁ ብድግ አሉ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ዋና የሚችል ሁሉ ይሂድ!»

ጎረምሶቹ ጫማቸውን እያወለቁ ወደ ሐይቁ ሲሮጡ ኑርሀያት ተነስታ ጮኸች። «ቁሙ! ስለ አላህ ቁሙ! ሰውዬው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው!»

ጎረምሶቹ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። ሲገባቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ይነቀል ድንኳኑ! በሞት አይቀለድም። በሐሰት ቂሬ ያስጠራ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ደንቡ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ሸንጎ ትቀርቢያለሽ። ወይ ይህን የስልክ ማኅበርሽን ታፈርሺዋለሽ፣ ወይ ከቂሬው ትወጫለሽ። መርጠሽ ነይ።»

ከቂሬ መውጣት ለማያውቅ ቀላል ይመስለዋል። ከቂሬ የወጣ ሰው ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። እማማ አሪፋ ደግሞ አርጅተዋል፤ አልጋ ላይ ነው የሚውሉት። «ልጄን እዚያ ማዶ ባዳ ቀበረው። እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው?» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ አለቀሱ። በግድግዳው ማዶ የስፌቱ መኪና ዝም አለ። ባልዲዎቼ መንቀጥቀጥ ሲያቆሙ ለካ እኔም ሥራ አልሠራም። ገብቼ «አፍርሺው አቦ! ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«አንቺ ሱቅ ስትዘጊ እኔ ከማን ጋር የማወራ ይመስልሻል?» አለችኝ።

እሁድ ዋርካው ሥር ሸንጎው ሞላ። አብዱልመናን ራሱን ደፍቶ ከኋላ ተቀምጧል፤ ሳይጠይቅ ጠርቷልና እሱም ተከሷል። ሠርክአዲስ ከገዳሙ በእግሩ መጥቶ ዳር ቆሟል። ኑርሀያት መሃል ተነስታ ቆመች።

«መረጥሽ?» አሉ ሼሁ።

«ሁለቱንም አልተውም።»

ሰው አጉረመረመ። እኔ ቀሚሷን ጎተትኳት። አላየችኝም።

«ኡበይድ ሲሞት» አለች፣ «እኔ አላጠብኩትም፣ እናንተም አላነሳችሁትም። ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ናቸው ከውሃ አውጥተው፣ ከፍነው የቀበሩት። ስሙን አያውቁም፣ አገሩን አያውቁም። የነገረን አብሮት የነበረ ልጅ ነው። እኔም ስማቸውን አላውቅም፤ ላመሰግናቸው ብል አድራሻ የለኝም። ጉማዬ እንደነሱ ያለ ሰው ነው። ሲሞት ደግሞ የሚያነሳው ጠፋ። መጽሐፉን ዘግቼ ስፌቴን ልቀጥል ብል እጄ እምቢ አለኝ። የፈጠራ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ እብድ አይደለሁም። ለቅሶዬ ግን የውሸት አልነበረም። ድንኳን አልጠራሁም። ሰውን ስላደከምኩ አፉ በሉኝ።»

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ጺማቸውን አሻሹ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቁ።

«ይህ ሰውዬ እንዴት ያለ ሰው ነው? እስቲ ከመጀመሪያው አውሪው።»

አወራችዋ! ንጉሡን፣ ማሰሮውን፣ በቅሎዋን፣ ጅቡን። አንድ ቦታ ላይ ሠርክአዲስ «ጅቡ ከሃዲ ነው!» ብሎ ጣልቃ ሲገባ ሼሁ ራሳቸው «ዝም በል፣ ትጨርስበት!» ብለው አፈጠጡበት። ለቀትሩ ሶላት የዙሁር አዛን ሲል «ሰግደን እንመለስ» ተባለ። ወላሂ፣ ሳይመለስ የቀረ አንድ ሰው የለም፤ ክርስቲያኖቹም ቦታቸውን እንዳይነጠቁ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ገመዱ ሲበጠስ አብዱልመናን ሲናፈጥ ሰማሁት።

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህን ቂሬ ያቆሙ አባቶቻችን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ ነገር ደንግገው አልፈዋል። ዘመድ የሌለው መንገደኛ በቀያችን ቢሞት ቂሬው ያነሳዋል፣ ያለቅስለታል። ይህ ሰው ዘመድ አለው?»

«የለውም» አለች ኑርሀያት።

«የት ሞተ?»

ግራ ገባት። «ሐይቁ…» ብላ ጀመረችና ቆም አለች። «እኔ ሱቅ ውስጥ ነው የሞተው። መኪናዬ ላይ ተደግፌ ሳነብ።»

«ሱቅሽ የት ነው?»

«እዚሁ።»

«እንግዲያውስ በቀያችን ነው የሞተው። ድንኳኑ በደንቡ ተተክሏል። አብዱልመናንም በደንቡ ጠርቷል።» ሰው እልል ሲል እጃቸውን አነሱ። «ቆዩ! ለቂሬው ሳትነግሪ እንግዳ ስለሰበሰብሽ ግን ቅጣት አለብሽ። ቂሬው በተሰበሰበ ቁጥር ከሥራችን በኋላ ይህን ታሪክ ታወሪልናለሽ። ደግሞ ስሚ፤ ይህ ሰውዬ ነገ ተነስቶ ቢመጣ፣ አገር አስለቅሷልና እሱም ሸንጎ ይቀርባል።»

ሠርክአዲስ ከዳር ሆኖ ሳቀ፤ ሳቁ ሁሉንም ያዘ። ኑርሀያት ቅጣቷን እስካሁን እየከፈለች ነው። ቂሬያችን እንዲህ ተሰብስቦ አያውቅም፤ መዋጮ የሚያጓትተው ሁሉ ዛሬ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል።

ሰባተኛው ቅጽ የመጣው ዘንድሮ ነው። ጠዋት ነበር፤ የስፌት መኪናው በድንገት ቆመና ኑርሀያት ጮኸች። ሮጬ ገባሁ። አሁንማ ተምሬያለሁ።

«ማን ሞተ?» አልኩ መጀመሪያ።

«ማንም አልሞተም! ሒክማ፣ አለ! ጉማዬ በሕይወት አለ!» አለችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሕጓ ትዝ አላት። አቤት ደስታዬ! ወደ ባሌ በረርኩ። አብዱልመናን ማይኩን ይዞ «የቂሬ ሰው ስማ! የታንኳው ሰው በሕይወት ተገኝቷል!» እያለ ገበያውን ዞረ። ዓሣ ሻጮቹ ቆሮሷቸውን ጥለው አጨበጨቡ፤ እማማ አሪፋ አልጋቸው ላይ ሆነው እልል አሉ። ለፈፋውን የሰማው ሠርክአዲስ ገና አላነበበም ነበር። ኑርሀያት ከገዛ ግሩፗ ለሳምንት እንድትወጣ ፈረደባት፤ ሕግ ሕግ ነው ብሎ።

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ ሱቁ መጡ። እየሳቁ ነበር።

«የታል ተከሳሹ? ገመዱ ተበጥሶ የለም እንዴ? ማን አወጣው?»

ኑርሀያት መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም መለሰች። «ዓሣ አጥማጆች አወጡት። ስማቸው አልተጻፈም።»

ሼሁ ሳቃቸውን ተዉት። ምርኩዛቸውን በሁለት እጅ ይዘው ቆሙ።

«አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው» አሉ።

«አሚን» አለች ኑርሀያት። እኔም አሚን አልኩ፤ ለልብ ወለድ ሰው አሚን ይባል አይባል ማንንም አልጠየቅኩም።