ማንም ያላየው ፍጥነት

ዘይነት ባሕር ዳር በአንድ የግል ኮሌጅ ተቀጥራ ስትሠራ፣ የወረታው ሩዝ ነጋዴ አባቷ ሐጂ ሙሔ ለሰው ሁሉ «ልጄ ኮምፒውተር ትጠግናለች» ይሉ ነበር። አትጠግንም። ሥራዋ በኮምፒውተሮች መካከል ያለውን መስመር ማቅናት ነው። ይህን ለአባቷ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክራለች፤ ገና ስትጀምር ስልካቸው ይጠራል።

ኮሌጁ ከጣና ማዶ ጎርጎራ ላይ የዓሣ ምርምር ጣቢያ አለው። በሁለቱ መካከል ጥሩ የፋይበር መስመር ተዘርግቶ ሳለ መረጃው ይንፏቀቅ ነበር። የጣቢያው ባለሙያ አለበል ከውኃ ውስጥ የቀረጸውን ቪዲዮ መላክ ጀምሮ፣ ምሳውን በልቶ፣ ትንሽ ተኝቶ ሲመለስም አያልቅለትም። ዘይነት በሁለቱም ዳር ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጫነች። ሊኑክስን ማንም ሆዱን ከፍቶ እንዳሻው ያስተካክለዋል። እሷም ገብታ ስታይ፣ ማሽኑ ጥቂት ልኮ «ደረሰህ ወይ?» እያለ መልስ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። መልሱን ሳይጠብቅ መላኩን እንዲቀጥል አደረገችው። ለዚህ ወራት ፈጀባት።

አንድ ቀን ጠዋት አለበል ደወለ።

«የሙከራውን ቪዲዮ ላኪው እንጂ፣ እየጠበቅሁ ነው።»

«ላክሁት እኮ።»

«መቼ?»

«አሁን፣ ስልኩን ስታነሣ።»

ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየ። «እውነትሽን ነው፤ እዚሁ ተቀምጧል» አለ።

የኮሌጁ ዲን አቶ መርስዔ ኀዘን ይህን ሲሰሙ፣ ፍጥነቱ በአገሩ ኮሌጆች ሁሉ ያልታየ ክብረ ወሰን መሆኑን አጣርተው ድንኳን አስተከሉ። ከሐይቁ ዳር ወንበር ተደረደረ፣ ትልቅ ስክሪን ቆመ፣ የክብር እንግዳ ተጠራ። ሐጂ ሙሔም ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከወረታ መጡ።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ዘይነት አንድ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ጎርጎራ ለመላክ አንድ ቁልፍ ተጫነች።

የክብር እንግዳው ጥቂት ጠበቁና «መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉ።

«አልቋል፣ ጌታዬ።»

መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበርና ይደገምልኝ አሉ። ተደገመ። አሁን ደግሞ ካሜራማኑ አልያዝሁትም አለ። ሦስተኛ ጊዜ ስትልክ ሁሉም ዓይኑን አፍጥጦ ነበር፤ ያየ ግን አንድም ሰው የለም። ከኋላ የተቀመጡት ማጉረምረም ጀመሩ። አቶ መርስዔ ኀዘን ጠጋ አሉና በጆሮዋ «ልጄ፣ ለእንግዶቹ ክብር ስትይ ትንሽ ቀስ ብለሽ ላኪው» አሏት።

«ቀስ ካለ ክብረ ወሰን አይሆንማ።»

«የሚታይ ይሁን እንጂ ሌላውን እኔ አውቃለሁ።»

አባቷን ዞር ብላ አየቻቸው። «ዋ ልጄ፣ ጆንያው ሲራገፍ ያላየ ገዢ ሩዙ ደረሰ ብትይው ያምንሻል?» አሏት።

መስመሩን የሚያጠብብ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ የተላከውን መጠን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መሄድ ጀመረ። አንድ ከመቶ ሲሞላ ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። አምስት ሲሞላ እልል ተባለ። የተጠበሰ ዓሣ መጥቶ ተበላ፤ መስመሩ ዘጠኝ ላይ ነበር። የክብር እንግዳው እጃቸውን እየታጠቡ «እንዴት ያለ ፍጥነት ነው!» አሉና እዚያው የምስክር ወረቀቱን ሰጧት። ዘይነት ወረቀቱን ስትቀበል ፊቷ ጠቆረ። የወራት ድካሟ አንድም ሰው ሳያየው አልፎ፣ የተጨበጨበው ለገደለችው መስመር ነው።

ወደ ቦታዋ ስትመለስ ግን አባቷ ስልካቸውን ዘግተው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ስክሪኑን ያያሉ።

«ይኸ አሁን በሐይቁ ዙሪያ እየሄደ ነው?»

«አዎ፣ አባየ።»

«ጎርጎራ ድረስ? አንች ነሽ የምትነጅው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ብሎን የምትፈችና የምታስሪ ይመስለኝ ነበር» አሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ዘይነት አጠገባቸው ተቀመጠች። ሠላሳ እስኪሞላ አብረው አዩ፤ አንድም ጊዜ አልተነሡም።

ማምሻውን እንግዶቹ ሄዱ። አቶ መርስዔ ኀዘን ግን መቶ ሲሞላ ፎቶ የሚነሣበት ሌላ ሥነ ሥርዓት ስላሰቡ፣ ማንም መስመሩን እንዳይነካ አዘዙ። ትእዛዝ ነውና ዘይነት አልነካችም። ጎርጎራ ያለው አለበል መስመሩ ጠቦ ሥራው ስለቆመበት እየደወለ ተማረረ፤ እሷም እንዲታገሥ ለመነችው። መስመሩን ስታጠብብ ግን፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ የጻፈችውን ትእዛዝ እንዲያስታውስ አላደረገችውም። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ መብራት መጥፋቱ አይቀርም።

በማግስቱ ጠፋ። ተመልሶ ሲበራ መስመሩ ወደ ልኩ ሰፋ፤ ዘይነት የተቋረጠውን ቪዲዮ ብታስቀጥለው፣ ዲኑ ፎቶ አንሺ ከመጥራታቸው በፊት ጎርጎራ ገብቶ አለቀ። አቶ መርስዔ ኀዘን ሳምንቱን ሙሉ አኮረፉ።

ሐጂ ሙሔ ከወረታ ደወሉ። «የት ደረሰልሽ? ዕቃሽን ማለቴ ነው።»

«ደረሰ፣ አባየ። ገብቷል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «መንገዱ መጥፎ ነው ሲሉ ሰምቼ ሰግቼ ነበር።»